ግቢውን አይተናል፤ ዩኒቨርሲቲውንስ?

የመነሻው ጽሑፍ

ውይይቱን የከፈትሁት እኔ ስለሆንሁ ከራሴ ልጀምር። ታናሽ እህቴ ልትማርባቸው ከምታስባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን ለማየት አብሬያት ሄጄ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር በግቢው ስንዘዋወር ቆይተን ተመለስን፤ በማግሥቱም ያየሁትን በዚህ የበይነ መረብ የውይይት መድረክ ጻፍሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከዋናው በር እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ግራና ቀኝ የቆሙት ዛፎች ቅርንጫፎቻቸው ከላይ ተገናኝተው ዳስ ሠርተዋል፤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያስወጣው ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ሰውን ቀና ብሎ እንዲራመድ ያስገድዳል፤ የንባብ አዳራሹ ጸጥታ ደግሞ በገዛ ኮቴ ያሳፍራል።

ያስጎበኘን ተማሪ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ የኋሊት እየተራመደ ሦስት ታሪኮች ነገረን። አንደኛው፣ ንድፉን ያወጣው ሰው የመጻሕፍቱን ክብደት ማስላት ስለ ረሳ ቤተ መጻሕፍቱ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ወደ መሬት እየሰመጠ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከጀርባው ያለው ጠባብ መስኮት የበዛበት የኮንክሪት ሕንፃ የተማሪ ዐመፅ እንዳይበግረው ተብሎ የታነጸ መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ በሣሩ መካከል የሚያልፉት መንገዶች የተነጠፉት ተማሪዎቹ በየት በየት እንደሚያቋርጡ አንድ ዓመት ሙሉ ከታየ በኋላ መሆኑ ነው። ሦስቱንም አምኜ ጻፍኋቸው፤ ከዚያም ይባስ ብዬ ደመደምሁ። የዩኒቨርሲቲዎችን የደረጃ ሰንጠረዥ ማገላበጥ አያስፈልግም፣ ግቢው ራሱ ይናገራል፣ ሰው ቢዋሽ ሕንፃ አይዋሽም፣ ስለዚህ አንድን ዩኒቨርሲቲ ለማወቅ ግማሽ ቀን ይበቃል አልሁ። እናንተስ ግቢ ስትጎበኙ ምን ታዘባችሁ ብዬም ጠየቅሁ።

የመልሶቹ ክር ከረዘመ ወዲህ አዲስ የሚገቡ አንባብያን ቀደም ሲል የተመለሰውን ደግመው ስለሚያነሡ፣ የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል ሳልጠቅስ በተራ ቁጥሩ አወሳዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው መላሽ አመስግኖ በሙሉ ልቡ እንደሚስማማ ገለጸ፤ ሌላ የጨመረው ነገር የለም። ሁለተኛዋ ግን የሜክሲኮን ብሔራዊ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ የጎበኙበትን ቀን አስታውሰው ሰፋ አድርገው ጻፉ። የዚያ ዩኒቨርሲቲ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት እምብዛም መስኮት የሌለው ግንብ ሲሆን፣ አራቱም ግድግዳዎቹ ኹዋን ኦጎርማን በነደፈው የሞዛይክ ሥዕል የተሸፈኑ ናቸው። ሥዕሉ በቀለም የተቀባ ሳይሆን ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የተሰበሰቡ ድንጋዮች በተፈጥሮ ቀለማቸው ተገጣጥመው የሠሩት ነው። በሰሜኑ ግድግዳ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበረው ዓለም፣ በደቡቡ የቅኝ ግዛቱ ዘመን ይታያል። ግቢው በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ማንም እንዳልተደነቀ ጸሐፊዋ ይገምታሉ፤ እርሳቸው ከሩቅ ሲያዩት መጻሕፍቱ የአገሪቱን ታሪክ እንደ ካባ የደረቡት መስሏቸው ነበር። በመጨረሻ ግን በዚያ ቀን ስለ ትምህርቱ አንድም ነገር እንዳልሰሙ፣ መጠየቅም ትዝ እንዳላላቸው በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል። ዐረፍተ ነገሯን ያን ጊዜ አላስተዋልኋትም፤ ዛሬ ሳነባት ከሥዕሉ ገለጻ ሁሉ ይልቅ እርሷ ታመዝናለች።

መልስ 3

ሦስተኛዋ በሕንፃ ንድፍ ሥራ የተሠማሩ ሴት ናቸው፤ እርማታቸውን የጀመሩት ይቅርታ ጠይቀው ነው። የሚሰምጠው ቤተ መጻሕፍት ታሪክ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በተመሳሳይ ቃል ይነገራል፤ አርክቴክቱ የመጻሕፍቱን ክብደት ስለ ረሳ የሰመጠ ቤተ መጻሕፍት ግን እርሳቸው አያውቁም። የመጻሕፍት ማከማቻ ወለል ከተራ ቢሮ ወለል እጅግ የበለጠ ጭነት እንዲሸከም ተደርጎ እንደሚነደፍ የሙያው ጀማሪ ሳይቀር ያውቃል፤ ሕንፃ በእውነት ከሰመጠም አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ስለሚወርድ ግድግዳው ይሰነጠቃል እንጂ በአስጎብኚ አፍ ብቻ ሲሰምጥ አይኖርም።

ስለ ኮንክሪቱ ሕንፃም የተናገሩት ይኸንኑ የመሰለ ነው። ያ የአሠራር ስልት ብሩታሊዝም የሚባለው በፈረንሳይኛ ያልተለበጠ ኮንክሪት ማለት ከሆነው ቃል የተነሣ ነው፤ ከጭካኔ ጋር ዝምድና የለውም። እንዲህ ካሉት ሕንፃዎች ብዙዎቹ በ1968 የተማሪዎች ዐመፅ ከመቀስቀሱ በፊት የተነደፉ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተማሪው ቁጥር በድንገት ሲያብጥ ዩኒቨርሲቲዎች በርካሽና በፍጥነት መገንባት ነበረባቸው፤ የዘመኑም የንድፍ ጣዕም ቁሱን ሳይሸፍኑ ማሳየት ነበር። ጠባብ መስኮት ያየ ሁሉ ምሽግ አየሁ ማለት የለበትም ብለው ደመደሙ። ከሦስቱ ታሪኮቼ ሁለቱ በዚህ ሄዱ።

መልስ 4

አራተኛው መላሽ ተማሪ ሳለ በአስጎብኚነት የሠራ ነው፤ ባልደረባውን ለመከላከል የመጣ ቢመስልም የተናዘዘው ከተከላከለው ይበልጣል። የኋሊት መራመድን ያስተማሩት በሥልጠና ነው፤ ታሪኮቹን ግን ማንም አልጻፈለትም፤ ከአንዱ አስጎብኚ ወደ ሌላው በቃል የሚወራረሱ ናቸው። ጎብኚ ስለ ቤተ ሙከራ ሲነገረው ሰዓቱን ያያል፤ ስለሚሰምጥ ሕንፃ ሲነገረው ይስቃል፤ አስጎብኚም የሚወደደው የሳቁትን ሰዎች ቁጥር ያህል ነው። መስመሩም እንዲሁ የዘፈቀደ አልነበረም። አሮጌዎቹ የተማሪ ማደሪያዎች እንዳይታዩ ተብሎ በአበባው ቦታ በኩል ዞሮ እንዲያልፍ ተነግሮት ነበር፤ የሚያሳዩት የማደሪያ ክፍልም አንድ ብቻ ሲሆን ማንም አይኖርበትም ነበር። ያቺ ክፍል ሁልጊዜ አልጋዋ እንደተነጠፈ፣ በጠረጴዛዋ ላይም ያው አንድ መጽሐፍ እንደተቀመጠ ነበረች። እኛም አንዲት እንደዚህ ያለች ክፍል አይተን ነበር፤ በመነሻው ጽሑፌ ንጽሕናዋን ማድነቄን እዚህ ላይ ማመን አለብኝ።

መልስ 5

አምስተኛው መላሽ ሦስተኛውን ታሪኬን ከሞት ለማትረፍ ሞከረ፤ በከፊልም ተሳካለት። የእግር ዱካን ተከትሎ መንገድ ማንጠፍ በየግቢው የሚወራና በአብዛኛው ማስረጃ የማይቀርብለት ወሬ ቢሆንም፣ አንድ እርግጠኛ ምሳሌ አለው። በቺካጎ የኢሊኖይ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ በ2003 የተከፈተውን የተማሪዎች ማዕከል የነደፈው ሬም ኩልሃስ፣ ቦታው ባዶ ሳለ ተማሪዎቹ ያቋረጡባቸውን የእግር መንገዶች አጥንቶ የሕንፃውን የውስጥ መተላለፊያዎች በእነዚያ መሥመሮች ላይ ዘርግቷቸዋል። ተማሪው ድሮ በሜዳ ላይ ያቋርጥ የነበረውን መንገድ ዛሬ በጣራ ሥር ያቋርጠዋል ማለት ነው። ጸሐፊው አክሎም ወሬው በሌላው ቦታ ሁሉ ሐሰት ቢሆን እንኳ ለምን እንደሚወደድ ጠየቀ፤ መልሱን ራሱ ሲሰጥ፣ ጎብኚ የሚመኘው የተማሪውን እግር የሚያዳምጥ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ነው አለ። ይህ ለእኔ ጥሩ አስተያየት ነበር፤ በዕለቱ አምስት ሰዎች አመስግነውታል።

መልስ 6 እና 7

እዚህ ላይ ውይይቱ ወደ ቋንቋ ዞረ። ስድስተኛው ካምፓስ የሚለው ቃል በላቲን ሜዳ ማለት እንደሆነ፣ ለትምህርት ቤት ቦታ ሲውል መጀመሪያ የተገኘውም በ1774 ዛሬ ፕሪንስተን በሚባለው፣ ያን ጊዜ የኒው ጀርሲ ኮሌጅ ይባል በነበረው ስፍራ እንደሆነ ጻፈ። ከዚያ የራሱን ሐሳብ አመጣ። የእኛ ቃል ግቢ ገባ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ በርና አጥር ያለው፣ የሚገቡበትና የሚከለከሉበት ስፍራ ማለት ነው፤ የነገሥታት መኖሪያም ግቢ ሲባል ኖሯል። አንዱ ስም ወለል ያለ ሜዳ፣ ሌላው የታጠረ ቅጽር ማለት ከሆነ፣ ጎብኚው ወደየትኛው እንደሄደ አስቀድሞ ቢያስብ መልካም ነው አለ። ሰባተኛዋ ወዲያው አስተካከለችው። የካምፓስ ትርጉም ልክ ቢሆንም፣ ሃርቫርድ የመሐል ስፍራውን እስከ ዛሬ ያርድ ብሎ ይጠራዋል፤ ያርድ ደግሞ ከሜዳ ይልቅ ለእኛው ግቢ የቀረበ ቃል ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ የቋንቋ ሳይሆን በየትኛውም ቋንቋ ውስጥ ያለ ጠብ ነው። እኔ ሁለቱንም ወደድኋቸው፤ አንድ ሌላ አንባቢ ግን ከርእሱ ወጣችሁ ብሎ ተቆጣ፤ ቁጣው የራሱ ቁጥር ስለሌለው አልቆጥረውም።

መልስ 8

የስምንተኛው መላሽ አነጋገር ሻካራ ነበር። ሕንፃ አይዋሽም ማለቴን ይዞ የዋህ አለኝ፤ ከዚያም ማስረጃውን ሲደረድር የሚመልስለት ጠፋ። በሃርቫርድ ጎብኚዎች በመነካካት ጫማውን ወርቅ ያስመሰሉት የጆን ሃርቫርድ ሐውልት አለ፤ ጽሑፉም ጆን ሃርቫርድ፣ መሥራች፣ 1638 ይላል። ኮሌጁ የተመሠረተው በ1636 ነው። ሰውየው የሀብቱን ግማሽና 400 ያህል መጻሕፍት የተናዘዘ በጎ አድራጊ እንጂ መሥራች አይደለም። መልኩን የሚያሳይ ሥዕል ስላልተረፈም ቀራፂው ዳንኤል ቼስተር ፍሬንች በ1884 ሐውልቱን ሲሠራ አንድ ተማሪ አስቀምጦ ነው። አንድ ሐውልት፣ ሦስት ውሸት። ጎብኚው ግን እግሩን አሻሽቶ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምሳሌው የከበደ ነበር። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በ1819 የመሠረተው የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ በመልኩ ከሚደነቁት ግቢዎች አንዱ ነው። በሣሩ ሜዳ ራስጌ፣ ሌሎች ቤተ ጸሎት በሚያኖሩበት ቦታ፣ ጄፈርሰን ፓንተኦን በተባለው የሮም ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አምሳል የተሠራ ቤተ መጻሕፍት አቆመ፤ በሁለቱ ጎኖች መምህራንና ተማሪዎች ጎን ለጎን እንዲኖሩ አደረገ። ዕውቀት ከሁሉ በላይ መሆኑን በጡብ ጻፈ ማለት ይቻላል። ጡቡን ያቦኩትና የተሸከሙት ግን በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ በኋላም ምግቡን ያበሰሉትና እሳቱን ያነደዱት እነርሱ ነበሩ። የነጻነትን ሐሳብ ለመማር የመጣው ወጣት ባሪያ ያነደደለትን እሳት እየሞቀ ነው ያጠናው። በባርነት ለሠሩት ሰዎች በግቢው ታላቅ መታሰቢያ ተሠርቶ ያለቀው በ2020 ነው። እስከዚያ ድረስ ግማሽ ቀን የዞረ ጎብኚ ምን ሊያውቅ ይችል ነበር ብሎ ጠየቀኝ። አልመለስሁለትም፤ መልስ አልነበረኝም።

መልስ 9

ዘጠነኛው ስማቸውን ያልጻፉ አዛውንት ናቸው፤ ስምንተኛውን ልጄ ብለው ጠርተው ረጋ ባለ አነጋገር ተቃወሙት። ሐውልቱ አልዋሸም፤ የዋሸው በሥሩ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው አሉ። ድንጋይ መናገር የሚችለውን ያህል ይናገራል፤ ጉድለቱ ያለው በማይጠይቀው ሰው ዘንድ ነው። ለዚህም የስድስት ኪሎውን ግቢ ጠቀሱ። ያ ስፍራ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል፤ በወረራው ጊዜ ፋሺስቶች ጣልያንን የገዙባቸውን ዓመታት በእርከን እየቆጠሩ የሠሩት ነው። በጫፉ ላይ ግን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ሠሪውም፣ ሠሪውን ያባረረውም በአንድ ድንጋይ ላይ ፈርመዋል አሉ። የማይጠይቅ ሰው ወዴትም የማያስወጣ ደረጃ አይቶ ያልፋል፤ የሚጠይቅ ግን በአንድ እይታ የአንድ ዘመን ጠብ ያያል። ስምንተኛው በአጭሩ ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚህ ክር ውስጥ ተናግሮ ሲያበቃ ስለ አነጋገሩ ይቅርታ የጠየቀ እርሱ ብቻ ነው።

መልስ 10፣ 11 እና 12

አሥረኛዋ መላሽ ጨዋታውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደችው። በዕለቱ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደነበር መጻፌን አስታውሳ፣ ዩሪ ሳይመንሶን የተባለ ተመራማሪ በ2010 ያሳተመውን ጥናት አነሣች። ጥናቱ በትምህርቱ ጥንካሬ የታወቀን፣ በመዝናኛ ግን የማይመሰገንን አንድ ዩኒቨርሲቲ የጎበኙ 1,284 አመልካቾችን ይመለከታል። በጉብኝቱ ቀን የደመናው መጠን በአንድ መደበኛ ልይይት (ከቀን ቀን በተለመደ ሁኔታ በሚለዋወጠው ያህል) ሲጨምር፣ ጎብኚው በዚያ ዩኒቨርሲቲ የመመዝገቡ ዕድል በ9 መቶኛ ነጥብ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ተመራማሪው የሰጠው ማብራሪያ፣ ሰማዩ ሲዳምን ሰው ወደ ንባብና ወደ ጥናት ስለሚሳብ፣ የዛሬ ስሜቱን የወደፊት ምርጫው አድርጎ ይወስደዋል የሚል ነው።

አሥራ አንደኛው ይህን አንብቦ፣ እንግዲያው በደመና ቀን የሚጎበኝ ሰው የተሻለ ይመርጣል ማለት ነው ሲል ደስታውን ገለጸ። አሥራ ሁለተኛው አላሳለፈውም። ጥናቱ ስለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ደመና ምርጫን ያሻሽላል አላለም፤ ያለው ነገር ቢኖር ምርጫው ዩኒቨርሲቲውን በማይመለከት ነገር ይገፋል ነው፤ ይህን መለየት የማይችል ሰው ከግቢ ጉብኝት በፊት ማንበብ ይልመድ ብሎ ጻፈ። እርማቱ ልክ ነው፤ የመጨረሻዋ ሐረግ ግን ባትኖር ይሻል ነበር። አሥራ አንደኛው ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ፀሐይ ባትኖር ኖሮ ስለ ዛፎቹ ያን ያህል እጽፍ ነበር ወይ እያልሁ አንድ ምሽት አሳለፍሁ።

መልስ 13

ከሁሉ ያሳፈረኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ አወሳዋለሁ። አሥራ ሦስተኛዋ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ተማሪ ናት። ሰውን ቀና ብሎ እንዲራመድ ያስገድዳል ብዬ ያሞገስሁትን ደረጃ ጠቅሳ፣ ስንት እርከን እንዳለው ቆጥሬ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልቆጠርሁም ነበር። ሌላ መግቢያ እንዳለ ጠየቀችኝ፤ አላየሁም ነበር። እርሷ ግቢ ስትጎበኝ መጀመሪያ የምታየው ሥነ ሕንፃውን ሳይሆን ተሽከርካሪ ወንበር የሚወጣበትን ተዳፋት መወጣጫ፣ የአሳንሰሩ በር መሥራቱንና የበሩን እጀታ ከፍታ ነው። መወጣጫ አለ ተብላ ከሄደች በኋላ ሦስት እርከን ከወጡ ወዲያ የሚጀምር መወጣጫ ገጥሟታል። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልጻፈችም፤ መጻፍም አያስፈልጋትም፤ ሦስት ሰዎች የእኛ ይሆን ብለው ጠይቀዋታል።

ከዚያም የኤድ ሮበርትስን ነገር አነሣች። በ14 ዓመቱ በፖሊዮ ከአንገቱ በታች ሽባ የሆነው ይህ ሰው በ1962 በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ሲገባ፣ የሚተነፍስበትን የብረት ሳንባ የሚባል ማሽን ክብደት የሚችል የማደሪያ ወለል አልተገኘም፤ ስለዚህ በግቢው ሆስፒታል ውስጥ ክፍል ተሰጥቶት ከዚያ እየተመላለሰ ተማረ። እርሱን ተከትለው ሌሎች አካል ጉዳተኞች ገቡ፤ ሮሊንግ ኳድስ ብለው ራሳቸውን ሰይመው ዩኒቨርሲቲውንና ከተማውን ሞገቱ። ከዚያ እንቅስቃሴ በ1972 በበርክሊ የራስ ገዝ ኑሮ ማዕከል ተወለደ፤ በሌሎችም ቦታዎች አርአያ ሆነ። ለሥራ አትበቃም ብሎት የነበረውን የካሊፎርንያ የአካል ጉዳተኞች ተሐድሶ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዓመታት በኋላ ሮበርትስ ራሱ መራው። ጸሐፊዋ ይህን ያነሣችው ለምስጋና አልነበረም። በየትኛውም ግቢ የምታዩት መወጣጫ አንድ ሰው የታገለበት ነው፤ የማታዩት መወጣጫ ደግሞ የሚታገል ሰው እስካሁን ያልገባበት ግቢ ምልክት ነው ነው ያለችው።

ይህን ለእህቴ አነበብሁላት። ሌላ መግቢያ እንደነበረ፣ ከሕንፃው ጀርባ ቆሻሻ ከሚከማችበት አጠገብ እንደሆነና በሰንሰለት ተዘግቶ እንዳየችው ነገረችኝ። ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ ስለ ጸጥታው እያወራህ ነበር አለችኝ።

መልስ 14 እና 15

አሥራ አራተኛው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ብዙዎች ሳቁበት፤ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት የእርሱን ነው። በር ላይ ያለውን አበባ ትታችሁ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን መጸዳጃ ቤት እዩ አለ፤ አበባው ለእንግዳ ነው፣ ሦስተኛው ፎቅ ለተማሪው ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች ቀን አንብቡ፤ ያለፈው ዓመት ጥሪ እስከ ዛሬ ካልተነሣ የሚያነሣው ሰው የለም፣ ወይም የሚያነበው የለም ማለት ነው። የመምህራኑን ቢሮ በር እዩ፤ ተማሪ የሚያነጋግሩበት ሰዓት ተጽፏል? ከተጻፈስ በዚያ ሰዓት ሰው አለ? የቤተ መጻሕፍቱን የመዝጊያ ሰዓት ጠይቁ፤ ከዚያ ከመዘጋቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ተመለሱና ስንት ወንበር እንደተያዘ ቁጠሩ። ቤተ ሙከራ ስትገቡ ዕቃው አዲስ መሆኑን ሳይሆን ላዩ ላይ አቧራ መኖሩን እዩ፤ ያረጀና የተፈተገ ማጉያ መነጽር ከሚያብረቀርቅና ካልተነካ ይሻላል። አሥራ አምስተኛው በመጸዳጃ ቤት ዩኒቨርሲቲ ይመረጣል ወይ ብሎ ቀለደ፤ ቀልዱን የወደዱለት ብዙ ናቸው። የጥገናው ሠራተኛ ግን አልተቀየመም፤ ቧንቧ ሲፈነዳ ፕሬዚዳንቱም ተማሪውም የሚፈልጉት እርሱን እንደሆነ ብቻ አስታወሰ።

መልስ 16

ይህን ባልፈው እወድ ነበር። ስለ ደረጃ ሰንጠረዥ የተጀመረ ክርክር ወደ ስድብ ተለወጠ፤ አወያዮቹ አብዛኛውን አጥፍተውታል። የተረፈው ፍሬ ነገር፣ ሰንጠረዥ በአብዛኛው የሚለካው የምርምር ኅትመትንና ዝናን እንጂ የአንደኛ ዓመት ትምህርትን አይደለም የሚል ነው፤ እስማማለሁ፤ ለዚህ ግን እናትና አባት መስደብ አያስፈልግም ነበር።

መልስ 17

አሥራ ሰባተኛዋ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ መምህርት ናቸው። ክርክሩን ከመነሻው ሲያዩት ሁሉም ሰው ዩኒቨርሲቲን ከሕንፃ ጋር አንድ አድርጎ እንደያዘው፣ በታሪክ ግን እንዲህ እንዳልሆነ ጻፉ። በልማድ በ1088 ተመሠረተ የሚባለው የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያዎቹ ብዙ መቶ ዓመታት የራሱ ቤት አልነበረውም፤ ትምህርቱ በመምህራኑ መኖሪያ፣ በኪራይ ክፍሎችና በአብያተ ክርስቲያናት ይሰጥ ነበር። በየቦታው የተበተኑትን ትምህርት ቤቶች በአንድ ጣራ ሥር የሰበሰበው አርኪጂናዚዮ የተባለው ሕንፃ የታነጸው በ1562 እና በ1563 ነው። በ1209 ደግሞ ከኦክስፎርድ ከተማ ሰዎች ጋር የተጣሉ ሊቃውንት ተነሥተው ሄደው ካምብሪጅን ጀመሩ። ድንጋይ ስላልነበራቸው ዩኒቨርሲቲያቸውን በእግራቸው ይዘውት ሄዱ። ስለዚህ መታየት ያለበት ሰው ነው አሉ። አስጎብኚውን አመስግናችሁ ተለዩት፤ ፈቃድ ጠይቃችሁ በሁለተኛ ዓመት ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ፤ አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ መምህሩ ያላሰበውን ጥያቄ እስኪጠይቅ ጠብቁ፤ ከዚያ የመምህሩን ፊት እዩ። ፊቱ ከበራ አንድ ነገር አውቃችኋል፤ ከጠቆረ ሌላ ነገር አውቃችኋል፤ እጅ የሚያነሣ ከጠፋ ደግሞ ከሁለቱም የባሰውን አውቃችኋል።

እኔ በዚህ ክር ከተባለው ሁሉ የእርሳቸውን እመርጣለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይከብደኛል። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ የማታውቀው ክፍል በር አንኳኩታ ላዳምጥ ብላ እንድትጠይቅ መንገር ቀላል ነው፤ ማድረግ ግን ቀላል አይደለም። ይህን ስጽፍላቸው፣ ያን በር የማታንኳኳ ልጅ ከገባች በኋላም የመምህሩን ቢሮ አታንኳኳም፣ ስለዚህ ከዚያው ትጀምር ብለው መለሱልኝ። ትንሽ ጠንከር ያለ መልስ ነው።

መልስ 18

አሥራ ስምንተኛው የመምህርቷን ምክር ሲያነብ የእኔው ስሕተት ልብስ ለውጦ የመጣ መሰለው። አንድ ፀሐያማ ጠዋት ዩኒቨርሲቲን አያሳይም ከተባለ፣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ክፍልስ እንዴት ያሳያል? መምህሩ ዛሬ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ እንግዳ ከኋላ ሲቀመጥ ክፍሉ ራሱ ይለወጣል። ከአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት ቆርጦ ፈራጅ መሆን ከሐውልት እግር ከማሸት በምን ይለያል አለ። የሰላ አነጋገር ነው፤ ፍትሐዊም ነው። መምህርቷ አልተመለሱም፤ ሌላም ሰው አጥጋቢ መልስ አልሰጠውም። እኔ የምችለው ያህል፣ ለእንግዳ ተብሎ የተሰናዳውን አንድ ሰዓት ከማየት ለማንም ያልተሰናዳውን አንድ ሰዓት ማየት ይሻላል ብዬ ጻፍሁለት፤ ይሻላል ማለት ይበቃል ማለት እንዳልሆነ መለሰልኝ፤ እዚያ ላይ ቆመ።

መልስ 19

እህቴ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች። ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ እንደገና ልትሄድ ነው፤ በፈተና ሰሞን፣ አስጎብኚ ሳትይዝ፣ እኔንም ሳትይዝ። ለጥገናው ሠራተኛ አንድ ጥያቄ እንዳቀርብላት ብቻ ለመነችኝ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ በየትኛው ቀን ነው የሚጸዳው? በዚያው ምሽት መለሰልን። እርሱ በሚሠራበት ቦታ ሰኞ ጠዋት ነው፤ ስለዚህ እሑድ ሂጂ አላት።